ሐምሌ ሰባ የተገፋችው ፔጆ

ልደታ ውስጥ ሹፌር ሞልቶ ነበር፤ ውሃ ፊት ቆሞ ሱሪውን የሚጠቀልል ሹፌር ግን ሀብተ ማርያም ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ መንገድ ላይ ውሃ ከተኛ መኪናውን ጥግ ያስይዛል፤ ጫማና ካልሲውን አውልቆ ወንበር ሥር ያኖራል፤ ከኋላ የማትጠፋውን የባሕር ዛፍ ዱላ ይዞ ይገባና እየወጋ መሃል ድረስ ይለካል። ውሃው ከጉልበቱ በታች ከሆነ ተመልሶ እግሩን ያደርቅና፣ ጫማውን በወጉ አስሮ፣ በአንደኛ ማርሽ እየሳበ ይሻገራል። ከጉልበቱ ካለፈ ግን ከኋላው ሃምሳ መኪና ክላክስ ቢያስጮህ፣ የጫነው ሰው ሚኒስትር ቢሆን፣ ንቅንቅ የለም። የሰፈሩ ሰው «ሀብቴ ጠበል ሊገባ ነው» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ አንድም ሞተር ውሃ አላጠጣም፤ ይህን ሲያወራ ደረቱን ነፋ ማድረጉ አይቀርም። አይፈረድበትም፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር ብዙ አልነበረውም።

ፊደል የቆጠረው በአርባ ዓመቱ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ዋቅሹማ የሚባል ከወለጋ የመጣ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር፤ ሚስቱ ሠርካዲስ ልብስ ሰፊ ናት። መምህሩ ቀን ተማሪ ቤት ሲያስተምር ውሎ፣ ሲመሽ በረንዳው ላይ ፋኖስ ሰቅሎ ሹፌሩን፣ ዘበኛውን፣ ሸማኔውን ያለ ክፍያ ያስተምራል። ሀብተ ማርያም እርሳስ በያዘ ቁጥር ጫፉን ይሰብራል። «ጋሽ ሀብቴ፣ እርሳሱን እንደ ካምቢዮ አይጨብጡት፤ ላላ ካደረጉት እሱ ራሱ ይሄዳል» ይለዋል ዋቅሹማ፣ ሳይስቅበት። በዓመት ከመንፈቁ ጋዜጣ ማንበብ ቻለ፤ በዚያው ሰሞን የመንጃ ፈቃዱን ደረጃ አሳድጎ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ለውለታው በግ እየጎተተ ቢሄድ ዋቅሹማ በጉን መልሶ ሰደደለት፤ «ይልቅ ጋዜጣ ሲያነቡ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት፣ እኔም ልስማ» አለው። ሀብተ ማርያም በጉን ይዞ ሲመለስ ከደስታው ይልቅ ቁጭቱ በዝቶበት ነበር። ውለታ ተሸክሞ መኖር የማይችል ዓይነት ሰው ነው።

ኅዳር ሰባ ላይ መምህሩ ጠፋ። ያ ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል፤ ጠዋት የወጣ ሰው ማታ ስለ መግባቱ ማንም ዋስ አይሆንም። ሠርካዲስ «እናቱ ታመው አገሩ ገባ» አለች፤ ጎረቤቱም «እግዜር ይማርለት» ብሎ አለፈ። መቼ ይመለሳል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም፤ መጠየቅ ራሱ ጣጣ ያመጣ ነበር። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አንድ ቅዳሜ መጥተው ቤቷን በርብረው፣ ፍራሿን ቀድደው፣ ምንም ሳያገኙ ሄዱ። ሀብተ ማርያምም መምህሩ በእርግጥ ወለጋ ገብቷል ብሎ ለራሱ ነገረው። እንዲህ ብሎ ማመኑ ለእንቅልፍ ይሻላል።

የሚነዳት ነጭ ፔጆ የመምሪያው ብቸኛ ደህና መኪና ነበረች። ሌሎቹ ሁለቱ ጎማቸው ተነቅሎ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መለዋወጫ ከውጭ አይገባም፤ የውጭ ምንዛሪው ለጦርነት ነው። ስለዚህ መኪና የሰበረ ሹፌር መኪና ሰበረ አይባልም፤ አሻጥር ሠራ ይባላል። ይህቺን ቃል ያን ጊዜ ሰው የሚጠራት ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙለታ የሚባል የሌላ መሥሪያ ቤት ሹፌር፣ ያለ ዘይት ነድቶ ሞተር አቃጠለ ተብሎ ከሥራ ገበታው ላይ ተወሰደ፤ ሚስቱ ክረምት እስኪገባ ድረስ የት እንዳለ አልሰማችም። ከዚያ ወዲህ ሀብተ ማርያም ዘይት የሚለካው በቀን ሁለቴ ነው። የአምስት ልጆች አባት ነው፤ እሱ ከታሰረ ቤቱን የሚይዝ ሌላ ሰው የለም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የመሥሪያ ቤቱን አንድ ባለሙያ አሮጌ አየር ማረፊያ አካባቢ ቤቱ አድርሶ ሲመለስ ዶፉ ወረደ። ከጌጃ ሰፈር በታች፣ የእሱው ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው ዝቅተኛ መንገድ ቦዩ ሞልቶ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ተኝቶበታል። መኪናዋ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ግቢ መግባት አለባት፤ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። ቢሆንም እንደ ልማዱ ወረደ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ዱላውን ይዞ ገባ። ከጉልበቱ አራት ጣት ዝቅ ይላል። ተመልሶ እግሩን አደረቀና በአንደኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እኩል አድርጎ፣ ቀስ እያለ ገባ።

መሃል ሲደርስ ከፊት ለፊት ኦራል መጣ። ወታደር የጫነ ትልቅ ካሚዮን ነው፤ ውሃም አየ መኪናም አየ ፍጥነት መቀነስ የሚባል ነገር አልነካካውም። ጎኑን ታክኮ ሲያልፍ ውሃው ቆሞ ተነሳና የፔጆዋን ኮፈን አልፎ መስታወቱን መታው። ሞተሩ አንድ ጊዜ አሳለና ዝም አለ። ሀብተ ማርያም እጁን ከቁልፉ ላይ ወዲያው አነሳ።

ለምን እንዳነሳ ያውቃል። ፒስቶን የሚጨምቀው አየርና ቤንዚን ነው፤ አየር ሲጨመቅ እሺ ይላል። ውሃ ግን እሺ አይልም። ውሃ በአየር ፊልትሮው በኩል የገባበትን ሞተር በግድ ያዞሩት እንደሆነ፣ ፒስቶኑ ሽቅብ ሲወጣ ውሃው አላሳልፍም ይለዋል፤ ያን ጊዜ የሚታጠፈው ፒስቶኑን የተሸከመው ብረት፣ ቢዬላው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። መኪናዋን ደረቅ መሬት ላይ አውጥቶ፣ አራቱን ካንዴላ ፈትቶ፣ ሞተሩን በማኖቬላ በእጅ ሲያዞሩት ውሃውን በካንዴላው ቀዳዳ ይተፋዋል። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የካንዴላ መፍቻውም ወንበሩ ሥር ነበር።

ሰፈሩ ግን ደረሰለት። ይህ ሰፈር መኪና ቆሞበት ዝም ብሎ የሚያይ ሰፈር አይደለም። ከየበሩ፣ ከየጠላ ቤቱ፣ ከየሱቁ ታዛ ሥር ሰው እየወጣ፣ ጆንያና ጋቢ የተከናነበው፣ ላስቲክ በራሱ ላይ የደፋው፣ በአንድ እግሩ ጫማ በሌላው ባዶውን የሆነው፣ ተንጋግቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ከሁሉ ፊት አቶ ጋሻው ነበሩ፤ ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው «አንተ መሪ ያዝ፤ ሌላውን ለእኛ ተው» አሉ። አሥራ አምስት ያህል ሰው ተጋግዞ ፔጆዋን ከውሃው አወጣት። ሀብተ ማርያም ፍሬን ይዞ ወረደ።

«እግዜር ያክብርልኝ፤ እዚህ ይበቃታል» አለ።

«ምኑ ነው የሚበቃት?» አሉ አቶ ጋሻው።

«ውሃ ገብቷታል አባባ፤ ካንዴላ ልፍታላት።»

«በዚህ ዶፍ ምን ትፈታለህ? ቁልቁለቱ አፍንጫህ ሥር ነው። ግባና ሁለተኛ አስገባ። ሳናስነሳልህ ጥለንህ ልንገባ ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የሀብተ ማርያም ነው። መከራከር ነበረበት። ነገር ግን አሥራ አምስት ሰው እስከ አጥንቱ በስብሶ፣ እየሳቀ፣ ትከሻውን አዘጋጅቶ ሲጠብቅህ፣ ውለታችሁ ይጎዳኛል ብሎ መመለስ በዚህ አገር የሚቻል ነገር አይደለም። መኪና የገፋ ሰው ሞተሩ ሲነሳ ሳይሰማ አይገባም፤ ጭሱን ፊቱ ላይ ተቀብሎ፣ እጁን አራግፎ፣ ተሳስቆ ነው የሚበተነው። ያን መከልከል ንፉግነት መሰለው። ስለዚህ ይሉኝታ ይዞት ገባ። በልቡ ግን ተንኮል ነበረው፤ ማርሹን አስገብቶ፣ ጎማው ሞተሩን እንዳያዞረው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው እንደረገጠ ይወርድና፣ ታች ሲደርስ «እምቢ አለች፣ ነገ ይሻላል» ብሎ ያሰናብታቸዋል። ይህን በማሰቡ ትንሽ ቀለል አለው።

«አንድ፣ ሁለት» ብለው ለቀቋት። ፔጆዋ ቁልቁለቱን ያዘች። ሀብተ ማርያም የሚገፉትን ሊያይ በግራ በኩል ያለውን ስፖኪዮ ሲመለከት፣ የኋላው በር ላይ ትከሻውን የደገፈ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው አየ። ጋቢው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ፊቱ ፀሐይ የማያውቅ ሰው ፊት ነው። ዓይኑ ግን የመምህር ዋቅሹማ ዓይን ነበር። ዋቅሹማም ቀና ሲል በመስታወቱ ውስጥ ተገጣጠሙ፤ ትንሽ ፈገግ አለ።

ወለጋ አልሄደም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከሚስቱ አልጋ ሥር፣ ከወለሉ ጣውላ በታች፣ ተቀብሮ ኖሯል። ያን ዕለት የጎረቤቶቹን ጩኸትና ሳቅ ሲሰማ፣ በዚህ ዶፍ ማን የማንን ፊት ያያል ብሎ ወጣ። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዲያደርግ ከሰው ጋር ትከሻ መግጠም ምን ያህል ቢናፍቀው ነው።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የመሐሙድ ሱቅ ታዛ ሥር፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ዝናብ ተጠልለው ቆመዋል። መኪናዋ እየተንደረደረች የምትሄደው ወደ እነሱ ነው። ሀብተ ማርያም ባንድ ቅጽበት አሰበው፤ ሞተሩ ካልተነሳ ሰው መኪናዋን ከብቦ ይቆማል፣ ኮፈን ይከፈታል፣ አንዱ ይህን አንዱ ያን ይላል፣ ጓዶቹም ለማየት ይጠጋሉ። ከተነሳ ግን ሁሉም አጨብጭቦ በየቤቱ ይገባል። «ምናልባት የገባው ውሃ ትንሽ ይሆናል» አለ በልቡ። እግሩንም ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሳ።

ድምፁ ብዙ አልነበረም። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር «ቋ» አለና ፔጆዋ ተንገጫግጫ ቆመች፤ የሚገፉት ሰዎች ጀርባዋ ላይ ተደራረቡ። የሆነውን ያወቀ እሱ ብቻ ነው። መስታወቱን አውርዶ «ባትሪዋ ሞቷል፤ ነገ ትነሳለች፤ በእናታችሁ ግቡ፣ ታማችሁ እንዳትቀሩ» አላቸው። ሰዎቹም እሺ ብለው እየተሳሳቁ ተበተኑ፤ ጋቢ የለበሰው ሰው ቀድሞ ጠፍቷል። ያንኑ ቃል ከአንድ ደቂቃ በፊት፣ እግሩን ሳያነሳ ቢናገረው ኖሮ እንደዚሁ ይበተኑ ነበር። ይህቺ ሐሳብ ከዚያ በኋላ አልለቀቀችውም።

በማግስቱ ፔጆዋ በካሚዮን ተጎትታ መሥሪያ ቤት ገባች። የግቢው መካኒክ በድሉ የጌጃ ሰፈር ልጅ ነው፤ ከሀብተ ማርያም ጋር አንድ እድር ባይሆኑም ምሳ ይጋራሉ። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን አውርዶ፣ ሦስተኛውን ቢዬላ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ሀብተ ማርያምን ወደ ጥግ ጠራው። ብረቱ እንደ ክንድ ታጥፏል።

«ይህን ያጠፈው ምንድን ነው?» አለ በድሉ።

«ቁልፍ አዞርኩ።»

«በቁልፍ የሚዞረው ሞተሪኖ እንዲህ አያጥፍም። ሞተሪኖ ቢበዛ እምቢ ብሎ ይቆማል። ይህ የቁልቁለት ጉልበት ነው።»

ሀብተ ማርያም የታጠፈውን ብረት አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ስማኝ ሀብቴ። ሰው ከገፋህ ሰው ገፋኝ በል። የሰፈር ሕዝብ ተባብሮ ሲገፋት ተሰበረች ከተባለ አሻጥር አይሆንም፤ ሕዝብ አሻጥር አይሠራም፣ በነሱ አነጋገር። የገፉትን ስም ይጠይቁሃል፤ አንድ በአንድ ጠርተው በቀኝህ ማን ነበር፣ በግራህ ማን ነበር ይሏቸዋል፤ ያው ቃላቸው ይገጥማል፣ አንተም ትወጣለህ። ብቻ ሰፈር ውስጥ የሚወራውን ኦራል አታንሳ፤ ጦሩን ከሰስክ ይሉሃል።»

«ቁልፍ ነው ያዞርኩት።»

በድሉ ቀና ብሎ አየው። «አንተ? ውሃ የገባበት ሞተር?» አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩ እንዳልጣመው ከጀርባው ያስታውቃል።

ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ጓድ ዓባይነህ ይባላል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። እሱም የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩበት፤ ስለዚህ ሲጠይቅ ዓይኑን ከወረቀቱ አያነሳም። ሀብተ ማርያም የሚለውን አዘጋጅቶ ነው የገባው። ሰዎች ከውሃው ገፍተው አወጡኝ፤ ሄዱ፤ ከዚያ ብቻዬን ቁልፍ አዞርኩና ሰበርኳት። ሰዎቹ ሞተሩን አልነኩም፤ ስለዚህ የሚጠሩበት ምክንያት የለም፤ ካልተጠሩ ደግሞ ጋቢ የለበሰውን ሰው የሚያነሳ አይኖርም።

«እነማን ነበሩ?» አለ ጓድ ዓባይነህ።

«ዝናብ ነበር፤ ሁሉም ተከናንቧል። ፊት አላየሁም።»

«የራስህን ሰፈር ሰው?»

«አላየሁም።»

«ውሃ የገባበት ሞተር እንደማይዞር አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

ጓድ ዓባይነህ ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለ። «አላውቅም በል እንጂ፣ ሰውዬ» ሊለው የፈለገ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ጎኑ የተቀመጡት ሁለቱ ጽፈውታል። «እያወቅህ ነው እንግዲህ» አለ። ሀብተ ማርያም ሰዓት ደርሶበት እንደተቻኮለ ተናገረ። ቃሉን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ወረቀት ሰጡት፤ ብዕሩን ላላ አድርጎ ይዞ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ በራሱ ላይ ጻፈ። ጎበዝ ጽሑፍ ነበር፤ አንድ ስርዝ የለበትም።

ከዚያው ወስደው የቀበሌው አዳራሽ አስገቡት። ሠላሳ ሰው የታጎረበት ክፍል ነው። ሚስቱ የሻረግ ምሳ ይዛ ስትመጣ በበሩ ቀዳዳ በኩል ጥቂት ቃል ይለዋወጣሉ። በስድስተኛው ቀን «አቶ ጋሻው ቀርበው ሊመሰክሩልህ ነው፤ እኛ ነን ልናስነሳት የገፋናት፣ ቁልፍ አላዞረም እላለሁ ብለዋል» አለችው ደስ ብሏት። ሀብተ ማርያም ደነገጠ። «እንዳይመጡ በያቸው። በእግዚአብሔር ስም፣ አንዳቸውም እንዳይመጡ» አላት። የሻረግ ምክንያቱን ብትጠይቅ አልነገራትም። መልእክቱ ለአቶ ጋሻው ደረሰ፤ ሽማግሌው ቅር አላቸው። ምስክር የማይፈልግ እስረኛ እሳቸው አይተው አያውቁም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሠርካዲስ ቤት ገቡ። በዚህ ጊዜ ፍራሽ አልቀደዱም፤ ቁም ሳጥንም አልከፈቱም። በቀጥታ ሄደው አልጋውን ገፍተው ጣውላውን አነሱና ዋቅሹማን አወጡት። ሰፈሩ በር ላይ ቆሞ እያየ፣ ዓይኑን ከብርሃኑ በእጁ እየጋረደ፣ መኪና ላይ ወጣ። ማን እንደጠቆመ እስከ መጨረሻው አልታወቀም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሀብተ ማርያም ተፈታ። የፈታው የበድሉ ወረቀት ነው። በድሉ በዚያ የኮሰመነ የእጅ ጽሑፉ የፊልትሮው አፍ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ሞተሪኖውም ሊያጥፍ እንደሚችል፣ ነገሩ ቸልተኝነት እንጂ አሻጥር እንዳልሆነ፣ እሱ ራሱ የማያምንበትን ሁሉ ጽፎ ፈርሞ ነበር። ሀብተ ማርያም መንጃ ፈቃዱ ተነጥቆ የዚያው መሥሪያ ቤት የበር ዘበኛ እንዲሆን ተወሰነ። ሌላ ሰው ቢሆን ተርፌያለሁ ብሎ ጠበል ይረጭ ነበር። እሱም በልደታ ማርያም በኩል ሲያልፍ ደጃፏን ስሞ፣ ዳግም አላያቸውም ብሎ የነበሩትን ልጆቹን ሊያይ ቸኩሎ ወደ ቤቱ ወረደ።

ሰፈሩ ሲገባ አቶ ጋሻው በር ላይ ቆመው ነበር። ባርኔጣቸውን አነሱለት፤ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱት። ከዚያ በፊት እጅ ነስተውት አያውቁም፤ የሚሉት «አንተ ሀብቴ» ነበር። አሁን «እንዴት ዋሉ?» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ምን እንደሆኑ አልገባውም።

የነገረችው የሻረግ ናት፤ ምግብ አቅርባ፣ ልጆቹን ወደ ውጭ ልካ። «ሠርካዲስ ለሰው ምን እንዳለች ሰምተሃል? በዝናቡ ቀን ዋቅሹማ ወጥቶ ነበር አሉ። ማታውኑ ለሷ ነግሯታል። በስፖኪዮው ያየኝ ሀብቴ ብቻ ነው፣ ዓይን ለዓይን ተያይተናል ብሏታል። ያዙት፤ አንተ በሁለተኛው ቀን ተፈታህ» አለችው። «ሐሰት ነው በለኝ።»

ሀብተ ማርያም እጁን ከምግቡ ላይ አነሳ። ሁሉንም ነገራት፤ መስታወቱን፣ ታዛው ሥር የነበሩትን ጓዶች፣ እግሩን ያነሳበትን፣ ስም ላለመስጠት ብሎ በራሱ ላይ የጻፈውን። የሻረግ ሳታስጨርሰው ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች፤ መንደሩን ልትጠራ ነው። ነጠላዋን ይዞ አስቀራት።

«ምን ልትያቸው ነው? የተደበቀ ሰው አይቶ አልተናገረም ልትያቸው ነው? ይህን ከሰማ ሰው መሃል አንዱ ቀበሌ ይነግራል። ያን ጊዜ የምገባበት ቦታ ስንቅ የምታመላልሺበት ቦታ አይደለም።»

የሻረግ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ራሱን ንጹሕ ለማድረግ መናገር ያለበት ነገር ራሱ የሚያስገድለው ነገር ነበር፤ ደግሞስ ማን ያምነዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር አልተወራም።

ሰፈሩ አልሰደበውም፤ ቢሰድበው በወደደ። ሰፈሩ አከበረው። ቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ሲቆም ከፊቱ ያሉት «ይለፉ» ይሉታል፤ የሻረግ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ቀድመሽ ቅጂ ይሏታል፣ ዝም ብለው፣ ወሬያቸውን አቋርጠው። እድር ሲቀመጥ በቀኙም በግራውም አንድ አንድ ወንበር ባዶ ይቀራል። መሐሙድ ከሱቁ ሲጋራ ሲሰጠው ሒሳቡን አልቀበልም እያለ ይማጸነዋል። «ውሰድ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ሲለው መሐሙድ ገንዘቡን የሚያነሳው ሳይቆጥር፣ ፊቱንም ሳያይ ነው። ሀብተ ማርያም ሲጋራ ማጨሱን ተወ። ያ ሁሉ ቀልድ፣ «ሀብቴ ጠበል ሊገባ ነው» የሚለው ሁሉ ጠፋ፤ ስሙን አሳጥሮ የሚጠራው ሰው አንድ በድሉ ብቻ ቀረ፤ እሱም በዓመቱ ወደ አሰብ ተዛወረ።

ሠርካዲስ ብቻ አላከበረችውም። መንገድ ላይ ስትገናኘው ፊቷን ታዞራለች፤ እሱም ለዚህ በልቡ ያመሰግናታል። አራት ወር ሙሉ ለባሏ ስንቅ ስታመላልስ ኖረች፤ አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ በር ላይ የቆመው ወታደር «ከእንግዲህ አታምጪ» ብሎ ሳህኗን እንደተከደነ መለሰላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግን ሞተ ያላት የለም፤ ድንኳን መጣልም ክልክል ነው፤ ጥቁር ብትለብስ ደግሞ ለማን ነው ይሏታል። ስለዚህ ሳትለብስ፣ ሳታለቅስ፣ የሰው ልብስ እየሰፋች ቁጭ አለች። ሀብተ ማርያም የስፌት መኪናዋን ድምፅ ከቤቱ ሆኖ ይሰማዋል፤ ድምፁ ሲቆም እሱም የያዘውን ነገር ያቆማል።

ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሰባ ሦስት ነሐሴ፣ አንድ አርብ ከቀትር በፊት፣ ሀብተ ማርያም ሜክሲኮ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ፣ የዘበኛ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሠርካዲስ መጣች። ከስታለች፤ ነጠላዋ ግን እንደ በዓል ቀን የጸዳ ነበር። ከተቀመጠበት ተነሳ። እንዲቀመጥ በእጇ ምልክት ሰጠችውና እሷ ቆመች።

«ጋሽ ሀብቴ፣ ልሰድብዎ አይደለም የመጣሁት» አለች። «ንስሐ አባቴ ቂም ይዘሽ አትቁረቢ አሉኝ። ሦስት ዓመት ታገልኩ። አሁን ይቅር ብያለሁ። የአምስት ልጆች አባት ነዎት፤ የጨነቀው ሰው ምን አያደርግም። ዋቅሹማም ቢኖር ይቅር ይልዎ ነበር፤ ይወድዎት ነበር።»

ሀብተ ማርያም መናገር ፈለገ። አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው።

«ለአንድ ነገር ነው የመጣሁት» አለች ሠርካዲስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እርስዎ እነሱ ዘንድ ሰው ያውቃሉ። የት እንዳኖሩት ይጠይቁልኝ። አጥንቱን ስጡኝ አልልም። አቅጣጫውን ብቻ፣ ወደየት ዞሬ እንደማለቅስ ልወቅ።»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ሰው አላውቅም፣ አልጠቆምኩም፣ ስለ ባልሽ ብዬ ነው ከመሪ የወረድኩት ሊላት ይችል ነበር፤ ሦስት ዓመት የተጠማው እንዲህ ዓይነት ቀን ነው። ፊቷን ሲያይ ግን ቢናገር ምን እንደሚሆን ገባው። በከተማው ውስጥ አንኳኩታ መልስ ይገኝበታል ብላ የምታስበው አንድ በር እሱ ነው። ያን በር ቢዘጋባት ሌላ የምትሄድበት የለም። ሀብተ ማርያም ባርኔጣውን አወለቀና መሬት መሬት እያየ ያልሠራውን ጥፋት ተቀበለ።

«እጠይቅልሻለሁ» አላት።

ሠርካዲስ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ በመሥሪያ ቤቱ በር በኩል ታልፋለች። «ጋሽ ሀብቴ፣ ሰሙ እንዴ?» ትለዋለች። እሱም ከጎጆው ወጥቶ «ገና ነው ልጄ፤ እየጠየቅሁ ነው» ይላታል።